አንድ ዕቁብ፣ ሁለት ድምፅ
የቤተሰብ ዓምድ

ባለፉት ሳምንታት በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች የጥናት ክትትልና ደመወዝን አብቃቅቶ ስለ መያዝ ስንወያይ መቆየታችን ይታወሳል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ የቅንጦት ሊመስል ይችል ይሆናል። ከቤተሰቡ አንዱ ጊታር ተጫዋች፣ ሌላው የተቀዳ ሙዚቃ አድማጭ ሲሆን፣ ገንዘቡ ደግሞ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ለቤቱ የሚሆነው የድምፅ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል? ነገሩ ቅንጦት አለመሆኑን እኛም የተገነዘብነው ጉዳዩ አንድ ምሽት በራችንን ካንኳኳ በኋላ ነው።

የመጡት አንድ ሃምሳ አለቃና ባለቤታቸው ነበሩ። ሃምሳ አለቃው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያገለገሉ፣ አብዛኛውንም ጊዜ በሞርታር ምድብ ያሳለፉና በክፍሉ የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር የሚጫወቱ ናቸው። ባለቤታቸው በካምፑ አጥር ጥግ ሻይና ቡና እያፈሉ ቤታቸውን የሚደጉሙ ትጉህ እናት ሲሆኑ፣ ከቡናው ሽያጭ እየቆጠቡ የጣሉት ዕቁብ በዚያ ወር ዕጣው ደርሷቸው ነበር።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉ ሃምሳ አለቃው። «ስድስት ወር ግዳጅ ላይ ከርሜ ስመለስ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጊታሬን ደህና በሆነ አምፕሊፋየር ልጫወት ማለቴ በደል ነው?»

«በደል አይደለም» ሲሉ ባለቤታቸው መለሱ። «ነገር ግን ዕቁቡን የጣልኩት እኔ ነኝ። እሱ ስድስት ወር ሲጠፋ ቤቱን የሚያሞቅልኝ ዘፈን ነው። የእናቴ ካሴቶች አሉ፤ ልጆቹ ከስልክ የሚከፍቱት አለ፤ እሑድ መዝሙር አለ። የጊታር ሣጥን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ደግሞስ እሱ ቤት ሲኖርም ቢሆን መች ይሰማኛል? ትናንት መብራት ሲጠፋ ሻማ አምጣልኝ ብለው ጫማዬን ይዞልኝ መጣ!»

ሁላችንም ሳቅን። ሃምሳ አለቃውም እየሳቁ «ቃሉን እየዋጠች ስለምትናገር ነው» አሉ። በዚያች ምሽት የሻማውንና የጫማውን ነገር እንደ ቀልድ ቆጥረን አለፍነው። ኋላ ግን እንመለስበታለን።

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ሁለቱም ወገኖች ያላቸውን መብት መመርመር ነበረብን። የአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ከወታደር ቤት ተለይቶ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ ልጆች በናስ መሣሪያዎቻቸው መሠረቱን ከጣሉ ወዲህ፣ የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የሙዚቃው ትምህርት ቤቶች ሆነው ኖረዋል። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ መድረክ የተነሡ ድምፃውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን መሥርተው ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ፣ ከዚያም ካሴት የሸክላውን ቦታ ሲረከብ፣ በመድረክ ብቻ ይሰማ የነበረው ዜማ ወደ እያንዳንዱ ቤት ዘለቀ። እንግዲህ ሃምሳ አለቃው የመድረኩ ወራሽ ሲሆኑ ባለቤታቸው ደግሞ የሸክላውና የካሴቱ ወራሽ ናቸው። ሁለቱም የያዙት የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፍ በመሆኑ አንዱን አስነሥቶ ሌላውን ማስቀመጥ ፍትሕ አይሆንም።

በመሆኑም ጥያቄው «የማን ይገዛ?» መሆኑ ቀርቶ «ለሁለቱም የሚሆነው የትኛው ነው?» ወደሚለው ተሸጋገረ። ለዚህ መልስ ለማግኘት በቅድሚያ ሁለቱ መሣሪያዎች በተፈጥሯቸው ለምን እንደሚለያዩ ማወቅ ይገባል።

የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየርና ስፒከር የጊታሩ የአካል ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክራር ቆዳ የተወጠረበት ገበቴው ከሌለ ክር ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ ጊታርም ያለ ስፒከሩ ገና ያልተጠናቀቀ መሣሪያ ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ 82 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል፤ በቀጭኑ ክር ላይ የሚገኘው የመጨረሻው ከፍተኛ ድምፅም ከ1,200 እስከ 1,300 ኸርዝ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ድምፁን የሚያጅቡ ረቂቅ ንዝረቶች ናቸው። የጊታር ስፒከር ብዙውን ጊዜ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን በእጅጉ የሚቀንስ ሲሆን፣ ቀጭን ድምፅ የምታወጣዋ ትንሿ ስፒከር፣ ማለትም ትዊተር፣ በውስጡ የለችም። መካከለኛውን ድምፅ ሆን ብሎ ያጎላል፤ ሻካራውን ያለሰልሳል። ጊታሩን ጊታር የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

የተቀዳ ሙዚቃ ማጫወቻ ግን እንደ ጥሩ የሬድዮ ኦፕሬተር ነው። የተቀበለውን መልእክት ሳይጨምር ሳይቀንስ ማድረስ ይኖርበታል። ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ይሰማል። የቤዝ ጊታር ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ የከበሮው ጉምታ ወደ ታች፣ የጸናጽሉና የዋሽንቱ ትንፋሽ ደግሞ ወደ ላይ ርቆ ይሄዳል። ይህን ሁሉ በጊታር ስፒከር ለማጫወት ቢሞከር፣ ድምፃዊው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። በባለቤቲቱ አነጋገር «የጊታር ሣጥን» ለእርሳቸው የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትክክል ነበሩ።

«እንግዲያው ጊታሩን በቴፑ ላይ መሰካት አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እኛም በአካዳሚ ዕጩ መኮንን ሳለን ይህንኑ ጠይቀን፣ መልሱን በሰው ንብረት ላይ ተምረነዋል። በአንድ የዕረፍት ቀን የኤሌክትሪክ ጊታር ከአንድ ጓደኛችን ቴፕ ጋር አገናኝተን ስንጫወት ድምፁ ደካማና የታፈነ ሆነብን። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገን ሳለ ገመዱን ነቅለን መልሰን ስንሰካው «ጧ!» አለ፤ ትዊተሯም በዚያው ተቃጠለች። ጥፋቱ የቴፑ አልነበረም፤ የእኛው ነበር። ዋጋውን ከኪሳችን ከፍለናል።

የሆነው እንዲህ ነው። በጊታሩ ክሮች ሥር ያለው ፒካፕ የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ምልክት እጅግ ደካማ ነው። የሚሰካበት መግቢያ አንድ ሚሊዮን ኦም ያህል መቋቋም ካለው ምልክቱን ሳይጫን ይቀበለዋል። የቴፕና የስቴሪዮ መግቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኦም ብቻ በመሆኑ ቀጭኑን ድምፅ ውጦ ያስቀረዋል። ለሸክላ ማጫወቻ የተዘጋጀው መግቢያ ደግሞ ከቶ አይሞከር፤ ጎርናናውን ድምፅ አብዝቶ፣ ቀጭኑን ቀንሶ እንዲያጎላ ሆኖ የተሠራ ነውና። ከዚህም ሌላ የተቀዳ ሙዚቃ ከፍታውና ዝቅታው አስቀድሞ የተስተካከለ ሲሆን፣ በቀጥታ የሚመታ ክር ግን ድንገት ይዘላል። የቤት ስፒከር ለዚህ ዝላይ አልተዘጋጀም።

ታዲያ መንገድ የለም ማለት ነው? አለ። ለወይዘሮዋና ለሃምሳ አለቃው ያቀረብንላቸው አማራጮች አራት ነበሩ።

የመጀመሪያው ሁለቱን ለይቶ መግዛት ነው። ትንሽ የመለማመጃ ጊታር አምፕሊፋየር ለብቻው፣ ለሙዚቃ ደግሞ ስቴሪዮ ለብቻው ይገዛል። ገንዘብና ቦታ ላለው ከዚህ የተሻለ የለም። ለአንድ ዕቁብና ለአንድ ክፍል ቤት ግን ከባድ ነው።

ሁለተኛው የስልክ ወይም የቴፕ መግቢያ ያለው ጊታር አምፕሊፋየር ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ትናንሽ አምፕሊፋየሮች እንዲህ ያለ መግቢያ አላቸው፤ ብሉቱዝ የሚቀበሉም አሉ። ከዘፈን ጋር አብሮ ለመለማመድ ይረዳሉ። ነገር ግን ሙዚቃው የሚወጣው በዚያው በጊታሩ ስፒከር ከሆነ የብርድ ልብሱ ችግር እንዳለ ነው። አንዳንዶቹ በሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ሙሉውን ድምፅ እንዲያወጡ ተደርገው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ከመግዛት በፊት በጆሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ለኪቦርድ ወይም ለመድረክ የተሠራ፣ ትዊተር ያለውና ጉልበቱን በውስጡ የያዘ ስፒከር ነው። ሁሉንም ይሸከማል፤ ሠርግ ቢመጣም ያገለግላል። ይሁንና አንድ ብቻ ከሆነ ስቴሪዮ አይሆንም፤ ለጠባብ ቤትም ጉልበቱ ይበዛል።

አራተኛው አምፕሊፋየራቸው በውስጣቸው ያለ ጥንድ ስፒከሮችን ለሙዚቃ መግዛትና፣ ለጊታሩ የአምፕሊፋየርንና የስፒከርን ጠባይ አስመስሎ የሚያወጣ ትንሽ ፔዳል በመካከል ማስገባት ነው። ፔዳሉ የጊታሩን ምልክት በሚገባው መግቢያ ይቀበላል፤ መጠኑን አስተካክሎ፣ የጊታር ስፒከርን ቀለም ቀብቶ ለታማኙ መልእክተኛ ያስረክበዋል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ከሆነ ደግሞ ሌሊት ሕፃን ሳይቀሰቅሱ መጫወት ይቻላል። ሳጥን ጊታር ላላቸውም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ በውስጡ ፒካፕ ካለው በፊቱ አነስተኛ ማጉያ ይፈልጋል፤ ፒካፕ ከሌለው ግን በአንድ ክፍል ውስጥ የራሱ ሣጥን ይበቃዋል።

ባልና ሚስቱ አራተኛውን መረጡ። ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ግን ሻጭ በቁጥር እንዳያወናብዳቸው ጥቂት ነገር አስጨበጥናቸው። ለሌሎች አንባብያንም ይጠቅማልና እንዘርዝረው።

ስለ ዋት፦ ብዙ ሰው «መቶ ዋት የአሥር ዋትን አሥር እጥፍ ይጮኻል» ብሎ ያምናል። ይህ ስሕተት ነው። ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ጆሮ በመጠኑ የሚያስተውለው ልዩነት ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ጉልበቱ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ለአንድ ክፍል ቤት በሐቅ የተለካ አሥር ወይም ሃያ ዋት ከበቂ በላይ ነው። በካርቶን ላይ በሺህ የሚቆጠር ዋት የተጻፈበትን ትንሽ ስፒከር ያየ ሰው ሊጠራጠር ይገባዋል።

ስለ ስፒከሩ ቅልጥፍና፦ አንድ ዋት ተሰጥቶት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 93 ዴሲቤል የሚያሰማ ስፒከር፣ 87 ዴሲቤል ከሚያሰማው ጋር ሲነጻጸር በአራት እጥፍ ያነሰ ጉልበት ያንኑ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ከዋቱ ጎን ይህም ቁጥር ይጠየቅ።

ስለ ኦም፦ አምፕሊፋየርና ስፒከር ለየብቻ ለሚገዛ ሰው፣ ባለ 8 ኦም ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን በአንድ መውጫ ላይ ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ ከ8 ኦም በታች እንዳይታሰርበት የተጻፈበት ከሆነ ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል።

ስለ ኤሌክትሪክ፦ የአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ዕቃ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት፣ ከጃፓን የመጣው ደግሞ ለ100 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ሳይነበብ አይሰካ። አቅሙ የሚመጥን ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ዕቃውን ከሶኬት መንቀል ልማድ ይሁን። ከሁሉም በላይ፣ ጊታሩ «እምምም» የሚል ድምፅ አሰማ ብሎ የመሬቱን ሽቦ የሚቆርጥ ሰው በገዛ ሕይወቱ ላይ መፍረዱን ይወቅ። የጊታር ክር ብረት ነው፤ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ በክሩ ላይ ነው። ባለ አምፖል አሮጌ አምፕሊፋየርም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ አደገኛ ኃይል ያቆያል፤ ከባለሙያ በቀር ማንም አይክፈተው።

ስለ ቤቱም አንድ ቃል እንበል። ውድ ስፒከር በባዶ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይንጫጫል፤ መጠነኛው ስፒከር መጋረጃ፣ ምንጣፍና አልጋ ባለበት ክፍል ያምራል። ስፒከሩን ማዕዘን ውስጥ መወሸቅ ጎርናናውን ድምፅ ያሳብጠዋልና ከግድግዳ ጥቂት ፈቀቅ ይደረግ። ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ ሦስት እኩል ጎን ያለው ቅርጽ ቢሠሩ፣ ትዊተሮቹም በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ቢሆኑ፣ ድምፃዊው በመካከል የቆመ ይመስላል። የጎረቤት ግድግዳም ግድግዳችን ነው፤ ከግድግዳው ማዶ የሌሊት ጥበቃ ውሎ የተኛ ሰው መኖሩን አንርሳ።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ባልና ሚስቱ አብረናቸው እንድንሄድ ስለ ጠየቁን ወደ አንድ የድምፅ ዕቃ መደብር ዘለቅን። ወይዘሮዋ በምክራችን መሠረት አሳምረው የሚያውቋቸውን ሦስት ዜማዎች በፍላሽ ይዘው ነበር። አንዱ የዋሽንት ትዝታ፣ ሁለተኛው ከበሮና ቤዝ የበዛበት ዘፈን፣ ሦስተኛው ያለ አጃቢ የሴት ድምፅ ብቻ ነበር። የማያውቁትን ዘፈን ሰምቶ ስፒከር መምረጥ፣ የማያውቁትን ሰው ድምፅ ሰምቶ ጉንፋን ይዞታል ወይ እንደ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጥንድ ስፒከሮች ሲከፈቱ ወይዘሮዋ ፊታቸው በራ። «ትንፋሹ ይሰማል» አሉ። ሃምሳ አለቃው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድፍን ነው፤ ዋሽንቱ የታል?» ብለው የቀጭኑን ድምፅ መዘውር እስከ መጨረሻው አዞሩት። ወይዘሮዋ ሁለት ጆሯቸውን ያዙ። ሌላ ስፒከር ተሞከረ፤ ነገሩ ያው ሆነ። ሦስተኛም ተሞከረ። ለእርሳቸው ድፍን የሆነው ሁሉ ለባለቤታቸው ጥርት ያለ፣ ለእርሳቸው ጥርት ያለው ደግሞ ለባለቤታቸው መርፌ ሆነ። ባለሱቁም እኛም የምንሰማው ወይዘሮዋ የሚሰሙትን ነበር።

የሻማውና የጫማው ነገር ትዝ ያለን ይህን ጊዜ ነው። ሙዚቃው እንዲዘጋ አድርገን፣ ወይዘሮዋ ከባለቤታቸው ጀርባ ቆመው በተለመደ ድምፃቸው ቃላት እንዲናገሩ፣ ሃምሳ አለቃውም የሰሙትን እንዲደግሙ ጠየቅን።

«ውሃ።» «ውሃ» አሉ። «በር።» «በር» አሉ። «ሻማ።» ጥቂት ቆይተው «ጫማ» አሉ። «ሳማ።» ዝም አሉ። «ሳል።» «...ፋል?» አሉ።

በሱቁ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። ወይዘሮዋ ወደ ፊታቸው ዞረው መጥተው «እኔ እኮ ሆን ብለህ የምትተወኝ ይመስለኝ ነበር» አሏቸው። ሃምሳ አለቃውም «እኔም ቃል የምትውጪ ይመስለኝ ነበር» ሲሉ መለሱ። ዕቃ ሳንገዛ ተመለስን።

በማግሥቱ ወደ ሕክምና ሄዱ። የመስሚያ ምርመራው የግራ ጆሯቸው በ4,000 ኸርዝ አካባቢ በጉልህ መቀነሱን፣ የቀኙም በመጠኑ መዳከሙን አሳየ። ይህ ቦታ የተኩስ ድምፅ በቅድሚያ የሚያጠቃው ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተኳሽ ጠብመንጃውን ሲያነጣጥር የግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ ስለሚቀርብ፣ ቀኙም በራሱ ጥላ ስለሚከለል፣ ግራው ቀድሞ ይጎዳል። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» እና «ጸ»ን የመሳሰሉ ድምፆች ጉልበታቸው ከፍ ባለው የድምፅ ክልል ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ንግግሩ ይሰማዋል፤ ቃሉ ግን አይለይለትም። ከዚህም የተነሣ «እሰማለሁ» እያለ አይሰማም፤ ሚስቱም «ናቀኝ» ትላለች።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው በስፒከር ላይ ያማረረው ጉድለት በገዛ ጆሮው ውስጥ ነበር። ሚስቱ በባሏ ጠባይ ላይ ያማረረችው ጉድለትም በዚያው በጆሮው ውስጥ ነበር። በየቤታችን ስንት ኩርፊያ ከዚህ ዓይነት ምንጭ ተቀድቶ ይሆን?

ስለዚህ የሠራዊታችን አባላትና ባለቤቶቻቸው ሊያውቁት የሚገባውን በአጭሩ እናስቀምጥ። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አያድጉም። የሥራ ደኅንነት ጠቢባን እንደሚመክሩት፣ 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በቀን እስከ ስምንት ሰዓት ሊቻል ይችላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ግን ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ዴሲቤል ለአንድ ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው። የጠብመንጃ ተኩስ ከ140 ዴሲቤል በላይ ስለሚዘልቅ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ ሊጎዳ ይችላል። በመሆኑም በተኩስ ልምምድ ጊዜ የጆሮ መድፈኛ ማድረግ ፍርሃት አይደለም፤ መሣሪያን እንደ መወልወል ያለ ግዴታ ነው። የስፖንጁ መድፈኛ በጣት ተድቦልቡሎ ከቀጠነ በኋላ፣ የጆሮን ቅጠል በሌላው እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማስገባትና እስኪያብጥ ድረስ ይዞ መቆየት ያስፈልጋል። ዳር ላይ የተወሸቀ መድፈኛ እንደሌለ ይቆጠራል።

በቤትም እንዲሁ ነው። በክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገ ሙዚቃው በዝቷል። ጆሮ ውስጥ የሚያቃጭል ድምፅ ካልጠፋ፣ ወይም የቤት ሰው «አትሰማም» ማለት ካበዛ፣ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል። የተዳከመ መስማት አይመለስም፤ ነገር ግን የቀረውን መጠበቅ፣ ሐኪም ካዘዘም በመስሚያ መሣሪያ መታገዝ ይቻላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባልና ሚስቱ ተመልሰው ገበያ ሄዱ። ስምምነታቸው ይህ ነበር፦ የሙዚቃው ስፒከር በወይዘሮዋ ጆሮ ይመረጣል፤ የቀጭኑ ድምፅ መዘውርም ከመካከል አይነካም። የጊታሩን ፔዳል ሃምሳ አለቃው በእጃቸው ሞክረው ይመርጣሉ። መጀመሪያ የሰሟቸውን፣ «ትንፋሹ ይሰማል» የተባለላቸውን ጥንድ ስፒከሮች ገዙ። አንድ ባለ ጆሮ ማዳመጫ ፔዳል ተጨመረ፤ ከዕቁቡም ለልጆቹ ደብተር የሚሆን ተረፈ።

ባለፈው እሑድ ለቡና ጠርተውን ነበር። መሣሪያው ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ፣ ወይዘሮዋ በጠለፉት ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። በድምፁ መዘውር ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አንዲት ነጥብ ተደርጋለች። «ከዚህ በላይ አይዘልም» አሉን ወይዘሮዋ። «የጆሮ ማዳመጫው ላይም አድርጌበታለሁ።» ሃምሳ አለቃው ጊታራቸውን ይዘው ከአንድ የቆየ የእናታቸው ካሴት ጋር አብረው መጫወት ጀመሩ። የማን እናት? የባለቤታቸው እናት ካሴት ነው። ጊታሩ ከስፒከሩ ሲወጣ ከካሴቱ ባንድ መካከል የተቀመጠ ያህል ተስማማ።

አንድ ነገር አስተውለናል። ወይዘሮዋ ሁለተኛውን ቡና ሊቀዱ ሲሉ እንደ ቀድሞው ከጓዳ አልተጣሩም። ወጥተው፣ በባለቤታቸው ፊት ለፊት ቆመው፣ ዓይናቸውን እያዩ «ስኳር ስንት?» አሏቸው።

«አንድ» አሉ ሃምሳ አለቃው፣ ሳይሳሳቱ።

ውድ አንባብያን፤ የድምፅ መሣሪያ ስትገዙ ዋቱን፣ ኦሙንና ቮልቱን መርምሩ። ከሁሉ በፊት ግን ሁለታችሁም ሂዱ፤ ሁለታችሁም አዳምጡ። ካልተስማማችሁም ዕቃውን ከመውቀሳችሁ አስቀድሞ ጆሯችሁን አስመርምሩ።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።